የሰረዝኋት ነጥብ

ሰው በዕድሜው ስንት ቃል እንደተናገረ አይቆጥርም። እኔም አልቆጠርሁም። አንዷን ግን የተናገርሁባትን ሰዓት፣ ተቀምጬባት የነበረችውን ወንበር፣ በመስኮት ይታየኝ የነበረውን የጭነት መኪና ቀለም ሳይቀር አስታውሳለሁ። «ይሂዱ» ነው ያልሁት። ሦስት ፊደል ናት።

ማስተዋል እባላለሁ። ያን ጊዜ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። የተወለድሁት ከወረታ ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በሚያስኬድ፣ ርብ ወንዝ ዳር ባለ መንደር ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብ ያስተምራሉ። ጾሙ መቼ እንደሚገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል የሚሰላበት ትምህርት ነው። ከተማሪዎቻቸው ኋላ ተቀምጬ ሳዳምጥ ነው ቁጥር ሆዴ የገባው። ዩኒቨርሲቲም ገብቼ ሒሳብ ተማርሁ። ተመርቄ ስመለስ ወረታ ላይ አንድ ትንሽ የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ፕሮጀክት ሠራተኛ ይፈልግ ነበርና ተቀጠርሁ።

የፎገራ ሜዳ ለጥ ያለ ሜዳ ነው። በክረምት ጉና ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ በርብና በጉማራ ወንዞች ወርዶ እኛ ላይ ይዘረጋል። ሩዛችንን የሚያበቅልልን ይኸው ውሃ ነው፤ ቤታችንን የሚያፈርስብንም ይኸው ውሃ ነው። ስለዚህ ከድሮም ጀምሮ መንደሩ ጠባቂ ነበረው። በእኔ ዕድሜ ጠባቂው አያ ደምሌ ነበሩ። ወንዙ ዳር ችካል ተክለው፣ ችካሉ ላይ በቢላዋ ምልክት ቆርጠው፣ ክረምቱን ሙሉ ሲመላለሱ ይውላሉ። ውሃው ሦስተኛዋን ምልክት ሲያልፍ ጥሩንባ ይነፋሉ። ጥሩንባው ሲነፋ ሰዉም ከብቱም ቤተ ክርስቲያኑ ወዳለበት ጉብታ ይወጣል።

ለእሳቸው ጥሩንባው ከሌላው ሰው ይልቅ ቀድሞ መነፋት ነበረበት። ባለቤታቸው እማማ ጥሩነሽ ከወገባቸው በታች አይንቀሳቀሱም ነበር። ከዓመታት በፊት ከጋሪ ወድቀው ነው። ወደ ጉብታው የሚወጡት በቃሬዛ፣ በአራት ወንድ ሸክም ነው። በዚያ ጭቃ ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈጃል።

የእኛ ፕሮጀክት የመጣው የአያ ደምሌን ሥራ በማሽን ሊተካ ነው። ከመንደሩ በላይ ካለው ድልድይ ሥር የውሃውን ጥልቀት የሚለካ ሴንሰር ገባ። ከእሱ ጋር የምትሠራ በፀሐይ ኃይል የምትንቀሳቀስ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ጉብታው ላይ ደግሞ በብረት ምሰሶ ሳይረን ተተከለ፤ የመንደሩ ሰው «ጯሂው» ይለው ነበር። ዕቃውን የተከለው ከባሕር ዳር የሚመላለሰው ኢንጂነር ዳዊት ነው። የእኔ ድርሻ ቀመሩ ነበር። ድልድዩ ጋ ወንዙ ጠባብ ስለሆነ ጥልቀቱ ብቻውን አይበቃም፤ በሰከንድ ስንት ውሃ ወደ ሜዳው እንደሚወርድ መታወቅ አለበት። መጠኑ የወሰንንለትን ገደብ ሲያልፍ ሳይረኑ ይጮኻል።

አሁን የምነግራችሁን ነገር ታገሡኝ፤ አጭር ነው፤ ሁሉም ነገር ያለው ግን እዚያ ላይ ነው።

ኮምፒውተሬ ላይ አልጀብራ የሚሠራ ፕሮግራም ነበረኝ። በቁጥር ብቻ ሳይሆን በፊደል ያሰላል፤ ያጣፋል፣ ያቃልላል። ቀመሬ ውስጥ የውሃው ጥልቀት በሁለት ሦስተኛ ርቢ ከፍ ይላል፤ ፕሮግራሙ ያንን ክፍልፋይ ሳይቆራርጥ እንዳለ ይይዘዋል። ሥራው ሲያልቅ አንድ ትእዛዝ ይሰጠዋል፤ ቀመሩን ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኮድ አድርጎ ይጽፈዋል። ሳጥኗ የምትሠራው በዚያ ቋንቋ በተጻፈ ኮድ ነው። ትእዛዙን ሰጠሁት፤ ጻፈው። የጻፈውም ትክክል ነበር። ይህን አስምሩልኝ። ማሽኑ አልተሳሳተም።

ዳዊት «ወረቀት ላይ አትመሽ አምጪልኝ፤ በዓይኔ ልየው» አለኝ። ሳትመው መስመሩ ረዝሞ ከወረቀቱ ወጣ። ፕሮግራሙ ሁለት ሦስተኛን 2.0/3.0 ብሎ ነበር የጻፈው። ዓይኔን አስቀየመኝ። ነጥብ ዜሮ ምን ይሠራል? ሁለት ሁለት ነው፤ ሦስትም ሦስት ነው። ቁጭ ብዬ እየለቀምሁ ነጥብ ዜሮዎቹን ሰረዝኋቸው። 2/3 ሆነ። መስመሩ አጠረ፤ ወረቀቱ ላይ በቃ። አማረኝ። ዳዊትም «አሁን ሰው የሚያነበው ነገር ሆነ» ብሎ አመሰገነኝ፤ ወስዶም ሳጥኗ ላይ ጫነው።

በሰኔ መጀመሪያ ፈተንነው። ውሃው ሜትር ቢሆን ነው፤ ደረት አይደርስም። ከድልድዩ ላይ ሎሚ እየጣልን ፍጥነቱን በሰዓት ለክተን በእጃችን አሰላን። ሳጥኗ ያለችውና እኛ ያልነው ተገናኘ። ተጨባበጥን።

በሐምሌ ውሃው ትንሽ ከፍ ሲል ሳጥኗ በሎሚ ከለካነው ያነሰ ቁጥር ሰጠች። አይቼዋለሁ። ማስታወሻዬ ላይ «የወንዝ ዳር ሣር ይሆናል» ብዬ ጽፌ አለፍሁ። ይህንንም ልደብቃችሁ አልችልም።

ሳይረኑ የተመረቀ ቀን መንደሩ ጉብታው ላይ ተሰብስቦ ነበር። ተነሥቼ «ከእንግዲህ አያ ደምሌ በዝናብ መቆም የለባቸውም። ጯሂው ካልጮኸ ሥጋት የለም» አልሁ። አጨበጨቡልኝ። ሽማግሌዎች መረቁኝ። አያ ደምሌ እጄን ይዘው «እኔስ ደክሞኝ ነበር ልጄ» አሉኝ። የአባቴም ዓይን ላይ ደስታ አየሁ።

ነገሩ የሆነው በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ ሰኞ ቀን ነው። ቅዳሴው በፍልሰታ ከቀትር በኋላ ስለሆነ ሰዉ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወጣው ስድስት ሰዓት ሲል ነው። ወረታ ላይ ፀሐይ ነበር። በምሥራቅ በኩል ግን፣ በደብረ ታቦር አቅጣጫ፣ ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ከሰል ጠቁሮ ነበር። ቢሮዬ የደብረ ታቦር መንገድ ከሚገነጠልበት አጠገብ ነው። ከደብረ ታቦር የሚወርዱት መኪኖች እስከ መስኮታቸው ጭቃ ለብሰው ያልፋሉ።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ስልኬ ጮኸ። አያ ደምሌ ናቸው።

«ማስተዋል ልጄ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎ እንዴት ዋሉ?»

«እኛ ደኅና ነን። ይኸ ውሃ ግን አላማረኝም።»

«ምን አዩ?»

«ቀይ መሆኑ ቀርቶ ጠቁሯል። ዋንዛ ከነሥሩ ነቅሎ ይዞት ሲያልፍ አየሁ። ችካሌማ ከተዋጠ ቆየ።» ትንሽ ተነፈሱ። «ጯሂው ዝም ብሏል። ጆሮዬ ደንቁሮ እንደሁ ብዬ ነው የደወልሁልሽ።»

የሳጥኗን ቁጥር ስልኬ ላይ ማየት ይቻላል። አየሁት። ከገደቡ ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

«ጆሮዎስ ደኅና ነው» ብዬ ሳቅሁ። አዎ፣ ሳቅሁ። «ገና ነው አያ ደምሌ። ግማሽም አልሆነ።»

ከኋላቸው የሰው ድምፅ ይሰማኛል።

«እንዲያው የጥሩነሽ ነገር ሆኖብኝ ነው» አሉ። «ወንዶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ቅዳሴ ሊሄዱ ደጄ ላይ ቆመዋል። ላስቀራቸውና ትውጣ ወይስ ይሂዱ?»

እኔ ያየሁት ቁጥር ነው። እሳቸው ያዩት ውሃ ነው። ይህን ልዩነት ያን ጊዜ አላወቅሁትም።

«ይሂዱ» አልሁ። «ሲጮኽ እንኳ ሁለት ሰዓት ጊዜ አላችሁ።»

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አሉና ዘጉት።

ስልኩን አስቀመጥሁ። ሥራዬን ቀጠልሁ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ከመስኮቴ ሥር አንድ ሚኒባስ ቆመ። ረዳቱ ወርዶ ለጓደኛው «ርብን አየኸው? ድልድዩን ሊልሰው ነው እኮ! በዕድሜዬ እንዲህ አላየሁትም» ሲል ሰማሁት።

ስልኬን መልሼ አነሣሁ። በዚህ ጊዜ የውሃውን መጠን ሳይሆን ከሥሩ በትንንሽ ቁጥር የተጻፈውን ጥልቀቱን አየሁ። አራት ሜትር። የሰኔው አንድ ነበር። አራት እጥፍ ጠልቆ መጠኑ እንዴት ከገደቡ ግማሽ በታች ይሆናል? ወረቀት ሳብሁ። ካልኩሌተር አወጣሁ። ቀመሩን በእጄ ሠራሁት። የወጣልኝ ሳጥኗ ካለችው ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እንደገና ሠራሁት። ያው ነው። ገደቡ ታልፏል። አያ ደምሌ ሲደውሉልኝም ታልፎ ነበር።

ያተምሁትን ወረቀት ከመሳቢያዬ አወጣሁ። 2/3 የምትለዋን አየኋት። ያን ጊዜ ገባኝ።

ሲ ሁለት ሙሉ ቁጥሮች ሲሰጡት መልሱንም ሙሉ ቁጥር ያደርገዋል። ሁለትን ለሦስት ሲያካፍል ዜሮ ይላል፤ ቀሪውን ይጥላል። ፕሮግራሙ ነጥብ ዜሮዋን የጻፋት ለዚህ ነበር፤ «ይህ ሙሉ ቁጥር አይደለም፣ ቀሪውን አትጣለው» ለማለት ነው። ነጥቧን ስሰርዛት ሁለት ሦስተኛው ዜሮ ሆነ። ማንኛውም ቁጥር በዜሮ ርቢ አንድ ነው። በሰኔ ውሃው አንድ ሜትር ስለነበር፣ አንድ ደግሞ በምንም ርቢ አንድ ስለሆነ፣ ስሕተቱ አልታየም። ወንዙ በጠለቀ ቁጥር ግን ሳጥኗ አብልጣ ትሳሳታለች። ከሁሉ የባሰ ስሕተት የምትሠራው ከሁሉ በከፋው ቀን ነው።

አያ ደምሌ ጋ ደወልሁ። ይጠራል፤ አይነሣም። ደግሜ ደወልሁ። አይነሣም። አባቴ ጋ ደወልሁ፤ ተዘግቷል፤ ቅዳሴ ላይ ናቸው። የመንደሩን ሰው ስልክ አንድ በአንድ ሞከርሁ። ሁሉም ዘግተዋል። ዳዊት አነሣ።

«ሳይረኑን ከዚያ ሆነህ ማስጮኽ ትችላለህ?»

«አልችልም። በሚቀጥለው ዙር ነው የምንጨምረው ተባብለን የለ? ምን ሆነሻል?»

«ቀመሩን አበላሽቼዋለሁ» ብዬ ዘጋሁበት።

ወጥቼ ያገኘሁት ባጃጅ ላይ ዘለልሁ። ሾፌሩ መንደሩን ስነግረው ፊቱን ወደ ሰማዩ መለሰ።

«በዚህ ጭቃ? ከጥርጊያው ጫፍ አላልፍም እኅቴ።»

«እሱም ይበቃል። ብቻ ንዳ!»

ነዳ። ጥርጊያው ሲያልቅ አወረደኝ። ከዚያ ወዲያ በእግሬ ነው። ጫማዬን ጭቃው አንዱን ዋጠው፤ ሌላውን እኔው ጣልሁት። በግራዬ የሩዙ ማሳ ውሃ ሞልቶ ያበራል። መጀመሪያ የማሳው ውሃ መሰለኝ። ኋላ አስተዋልሁ፤ ውሃው ይሄዳል። የማሳ ውሃ አይሄድም። አረፋና ገለባ ይዞ፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ከእኔ ጋር አብሮ ወደ መንደሩ ይሄዳል። ከእኔ ይፈጥን ነበር።

ጉብታው ላይ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ጸጥታ ነው፤ ሰዉ ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። በዚያች ሰዓት ሰው እንኳን ሊጮኽ አያስልም። ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ ራሴን ሳልሸፍን፣ በሩ ላይ ቆሜ ጮኽሁ።

«ውሃ መጣ! እማማ ጥሩነሽ ቤት ናቸው! ድረሱላቸው!»

ሰዉ ዞረ። አንዱ በቁጣ «ጯሂው እኮ አልጮኸም!» አለኝ።

«አይጮኽም! እኔ ነኝ ያበላሸሁት! ሩጡ!»

አባቴ ከመሐል ወጡ። አንድ ጊዜ ብቻ አዩኝ፤ ከዚያ ወደ ደወሉ ሄደው ራሳቸው መደወል ጀመሩ። ወንዶቹ ነጠላቸውን እየጣሉ ቁልቁል ሮጡ። እኔም ተከተልኋቸው።

የአያ ደምሌ ቤት ከመንደሩ ሁሉ ለወንዙ የቀረበው ነው። ከጉብታው ሥር ስንደርስ ውሃው ጉልበት ይደርሳል፤ ጥቂት እንደሄድን ወገብ ሆነ። ቤቱ ከፊታችን ይታያል፤ በመሐላችን ያለው ግን ሌላ ወንዝ ነው። ጫኔ የሚባል ጎረቤታቸው መጫኛ ወገቡ ላይ አሰረ። ሌሎቹ ጫፉን ይዘው ቆሙ። ገባ፤ ውሃው አንሥቶ መለሰው። እንደገና ገባ፤ እንደገና መለሰው።

አያ ደምሌ ለብቻቸው ባለቤታቸውን ተሸክመው ቆጡ ላይ አውጥተዋቸው ነበር። እንዴት እንደቻሉ እስካሁን አላውቅም፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ድምፃቸው ይሰማናል። የእማማ ጥሩነሽም ይሰማል። «ድረሱልኝ» አይሉም ነበር። «አንተ ውጣ! አንተ ውጣ እኮ ነው የምልህ!» ነበር የሚሉት፤ ለባላቸው።

«አያ ደምሌ! ያዟቸው! እየመጣን ነው!» ጫኔ ጮኸ። ለሦስተኛ ጊዜ ገባ። በዚህኛው ግማሽ መንገድ ደረሰ። አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ይዞ ቆመ። ከቤቱ ጥግ ሃያ እርምጃ አይቀረውም።

የጭቃ ቤት ሲፈርስ ድምፅ ያለው ይመስላችኋል። የለውም። ግድግዳው ከሥሩ ረጥቦ ረጥቦ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ። ቆርቆሮው ሙሉውን ውሃው ላይ ተኛ፤ ትንሽ ተንሳፈፈ፤ ከዚያ ተገለበጠ። አያ ደምሌ አንድ ወጋግራ ይዘው ብቅ አሉ። ጫኔ በኩታቸው ይዞ ጎተታቸው። እሳቸው ግን ወደ ኋላ ነበር የሚጎተቱት፤ በአንድ እጃቸው ውሃውን እየቀዘፉ ይፈልጋሉ። አልወጣም ብለው ታግለውት ነበር፣ ጫኔ በኋላ እንደነገረን።

እማማ ጥሩነሽ አልወጡም።

የዚያን ቀን ማታና ሌሊት አልተርክላችሁም። መንደሩ በሙሉ ጉብታው ላይ ነበር፤ ሳይረኑም ከራሳችን በላይ፣ በብረት ምሰሶው ላይ፣ እስከ መጨረሻው አልጮኸም።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ወንዙ ከሚገባበት ሐይቅ በኩል በታንኳ የመጡ ሰዎች እማማ ጥሩነሽን በሐይቁ ዳር በሚበቅለው ደንገል ውስጥ አገኟቸው። እዚያው ጉብታው ላይ ተቀበሩ። ከሬሳው ኋላ ቆሜ የሰው ፊት ማየት አልቻልሁም። ጫኔ ሲያልፍ ትከሻዬን ነካኝ፤ ለምን እንደነካኝ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ዳዊት ከባሕር ዳር መጣ። ቢሮ ውስጥ በሩን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነጋገረኝ።

«ሪፖርት ይጠየቃል። ሴንሰሩ ደለል ሞልቶበታል፤ አይቼዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ሞልቶበት ይሁን ኋላ፣ ማን ያውቃል? ደለል ነው ብንል ውሸት አይሆንም።»

«ውሸት ነው ዳዊት።»

«እኔም አብሬ ነው የምጠፋው! ኮዱን ያነበብሁት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ይዤ አይቼ አልፌዋለሁ። እውነቱም ሴትዮዋን አይመልሳቸውም።»

ወጥቼ አባቴ ጋ ሄድሁ። ውሃው ሸሽቶ ነበር፤ ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ጭቃ የነካውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፀሐይ ላይ ይገልጡ ነበር። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስለ ሲ ቋንቋ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨንቆኝ ነበር፤ አልከበዳቸውም።

«ሁለት ለሦስት ሲካፈል አይደርሰውም ነው የምትይኝ?»

«አዎ አባባ። ዜሮ ይላል።»

«ቀሪውስ?»

«ይጥለዋል።»

ገጹን ሳይገልጡ እጃቸው ላይ አቆዩት። «እኛ እኮ ዘመኑን የምንቆጥረው በቀሪው ነው» አሉ። «ዓመቱን ለአሥራ ዘጠኝ አካፍለን የምንይዘው የተረፈውን ነው። ጾሙም በዓሉም የሚወጣው ከእሱ ነው። ይህን ከልጅነትሽ ሰምተሻል።»

«ሰምቻለሁ።»

«እንግዲያ ተነሽ» አሉኝ። «ለእኔ የነገርሽኝን ለደምሌ ንገሪው። እኔም አለሁ።»

አያ ደምሌ ለቅሶ የተቀመጡት ጫኔ ቤት ነው። ሰዉ ቦታ ለቀቀልን። ከፊታቸው ተንበርክኬ ነገርኋቸው። ስለ ነጥቧ ነገርኋቸው፤ በሐምሌ ስላየሁትና ስላለፍሁት ነገርኋቸው፤ ሲደውሉልኝ ገደቡ አልፎ እንደነበር ነገርኋቸው። ደለል እንዳልሆነ ነገርኋቸው።

እርግማን ነበር የምጠብቀው። እውነቱን ለመናገር እመኘውም ነበር። እሳቸው ግን መሬት መሬቱን እያዩ በዝግታ ተናገሩ።

«ዋንዛው ሲያልፍ አየሁት። በእነዚህ በዓይኖቼ አየሁት። ዓይኔ አይቶ ሳለ ምን ብዬ ነው አንቺን የጠየቅሁ?»

«እኔ ነኝ አያ ደምሌ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው…»

«ያንቺን አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ የራሴን ነው የምልሽ። አርባ ዓመት ያየሁትን ውሃ ወረታ ደውዬ ጠየቅሁ። ጥሩነሽ ‹ውሃው ይሸተኛል፣ ልጆቹን አስቀራቸው› ብላኝ ነበር። ‹ማስተዋል ይሂዱ ብላለች› አልኋት።» ቀና ብለው አዩኝ። «አምናሽ ዝም አለች።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሰምቻለሁ። እንደዚያች እንደ መጨረሻዋ ቃል የወጋኝ ግን የለም።

ሪፖርቱን እንደሆነው ጻፍሁት። መንሥኤ በሚለው ቦታ ላይ ማን ምን እንደሰረዘ፣ መቼ እንደሰረዘ፣ ለምን እንደሰረዘ ጻፍሁ። ዳዊት አንብቦ ከእኔ ስም ሥር የራሱንም ስም ጨመረ። ኮዱን አብረን አስተካከልነው። በዚህ ጊዜ ወንዙ አይቶት በማያውቀው ጥልቀት ሁሉ እያስገባን፣ እያንዳንዱን በእጅ ካሰላነው ጋር እያስተያየን ፈተንነው። ከዚያ ውሌ አለቀ፤ አልታደሰም። አላዘንሁም። አሁን ወረታ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሒሳብ አስተምራለሁ።

እናንተ አንባቢዎች፣ አንዳንዶቻችሁ ኮድ ትጽፉ ይሆናል። ለእናንተ የምላችሁ ማሽኑ የጻፈላችሁን ነገር ስላላማረ ብቻ አትንኩት ነው። ለምን እንዲህ ጻፈው ብላችሁ ሳትጠይቁ እጃችሁን አታሳርፉበት። በቀላሉ ውሃ ፈትናችሁ ለከባዱ ውሃ አትማሉ። ትንሽ ልዩነት ስታዩ ሣር ነው ብላችሁ አትለፉ። የምትበዙት ግን ኮድ የማትጽፉ ናችሁ። እናንተም ብትሆኑ አንድ ቀን ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሳለ፣ ከነገሩ ፊት ለፊት የቆመ ሰው ይደውልላችኋል። «አላማረኝም» ይላችኋል። እጃችሁ ላይ ያለው ወረቀት ወይም ስልክ «ደኅና ነው» ይላል። ያን ጊዜ እኔን አስታውሱ። ስለ እናንተ ዕውቀት ሳይሆን እሱ ስላየው ነገር ጠይቁት። ከተጠራጠራችሁ ደግሞ «አላውቅም» በሉት። «አላውቅም» ብዬ ቢሆን ኖሮ አያ ደምሌ ወንዶቹን ያስቀሯቸው ነበር።

ይቅር ተብያለሁ አልልም። ማንም አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በየሳምንቱ ቅዳሜ መንደር እሄዳለሁ፤ ለአያ ደምሌ ሰላምታ እሰጣለሁ፤ ይመልሱልኛል። ከዚያ አላለፈም።

ባለፈው ክረምት፣ ነሐሴ ሊገባ ሲል፣ ክፍል ውስጥ እያስተማርሁ ስልኬ ነዘረ። የአያ ደምሌን ስም ሳይ ጠመኔውን አስቀመጥሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደውለውልኝ አያውቁም። ወደ በረንዳው ወጣሁ።

«ማስተዋል፣ እንዴት ዋልሽ?»

«ደኅና ነኝ አያ ደምሌ። ምን ሆነ?»

«ውሃው እየመጣ ነው።»

«ቆይ፣ ሳጥኗን ልይልዎ…»

«አልጠየቅሁሽም» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። «ሰዉን አውጥቻለሁ። አንዲት አራስ ነበረች፣ እሷም ወጥታለች፤ ከብቱም ወጥቷል። እንድታውቂው ብዬ ነው የደወልሁልሽ።»

ዘጉት። በረንዳው ላይ ቆሜ የሳጥኗን ቁጥር ስመለከት ቆየሁ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ገደቡን አለፈ። ትክክል ነበረች። ሳይረኑ ጉብታው ላይ ጮኸ፤ መንደሩም በሙሉ ከሥሩ ተቀምጦ ሰማው።